ሰገነትና የጓሮ በረንዳ በሰሜን ሸዋ፦ የጌጥ፣ የጥገናና የአነስተኛ ወጪ ታሪክ

ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘና የአንኮበርን የቤተ መንግሥት ኮረብታ የወጣ መንገደኛ፣ ጉሙ ገለጥ ካለለት፣ ከእግሩ ሥር የአፋርን ቈላ ቁልቁል ይመለከታል። የሸዋ ነገሥታት ይህን ስፍራ ስለምን እንደ መረጡት ለመረዳት ከዚህ ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም። ዳሩ ግን ዘወር ብሎ ቤተ መንግሥቱን ሲፈልግ የሚያገኘው በድንጋይና በኖራ የተገነባ የግንብ ቁራጭ ነው። አዳራሹ፣ እልፍኙ፣ ምሰሶው፣ ሳንቃው፣ ከባሕር ማዶ የመጣው ምንጣፍና መጋረጃ ሁሉ የለም። ድንጋዩ ቀርቶ ጌጡ ጠፍቷል።

ይህ ነገር የነገሥታት ቤት ብቻ ታሪክ አይደለም። ዛሬ በደብረ ብርሃን ከተማ ከብዙ ቤቶች በስተኋላ፣ ወለሉ የተሰነጠቀ፣ ጣውላው የሻገተ፣ ኩበትና አሮጌ ቆርቆሮ የተከመረበት የጓሮ በረንዳ ይታያል። ባለቤቱ «ገንዘብ ሳገኝ አሳምረዋለሁ» እያለ ዓመታት ያሳልፋል። ስለዚህ ሰገነትና በረንዳ በሰሜን ሸዋ ከየት ተነሥተው የት እንደ ደረሱ፣ ከእነርሱም የትኛው እንደ ቀረና የትኛው እንደ ጠፋ መመርመር፣ ለታሪክ ወዳድ ብቻ ሳይሆን በትንሽ ወጪ ቤቱን ለማደስ ለሚያስብ ሁሉ የሚጠቅም ይሆናል።

የነገሥታቱ ሰገነት

ከመሬት ከፍ ብሎ መቀመጥ በአገራችን የቈየ የክብር ምልክት ነው። በ15ኛው ምዕተ ዓመት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በሰማይ ከታየው ብርሃን የተነሣ ደብረ ብርሃን ብለው በሰየሙት ስፍራ ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት አሠርተው፣ የመጨረሻዎቹን የንግሥና ዘመናቸውን በዚያው አሳለፉ። ያ ቤተ መንግሥት የታወቀው በተራቀቀ ጌጡ ሳይሆን በረጅም አጥሩና በበሮቹ ሥርዓት ነበር። ንጉሡን ከሕዝብ የሚለየው ከሁሉ በፊት ከፍታና አጥር ነበር ማለት ነው።

ከዚያ አራት መቶ ዓመት ገደማ ቈይቶ በሸዋ የነገሡት ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አንኮበርንና አንጎለላን መቀመጫቸው አድርገው ነበር። አንኮበር በገደሉ አፋፍ ላይ ወደ ምሥራቅ ቈላውን እያየች፣ አንጎለላ ደግሞ በደብረ ብርሃን አጠገብ ባለው ደጋ ሜዳ ላይ ነበረች። በዘመኑ አንኮበርን ያዩ የውጭ አገር ሰዎች ቤተ መንግሥቱ በኮረብታው ጫፍ ላይ እንደ ነበረ፣ በዙሪያውም የእንጨት አጥር ረድፍ በረድፍ ይከበው እንደ ነበረ፣ ቤቶቹም በሣር የተከደኑ እንደ ነበሩ ጽፈዋል። ንጉሡም ከፍ ባለ ስፍራ ተደግፈው ከታች «አቤት! አቤት!» እያለ የሚጮኸውን ባለ ጉዳይ ይሰሙ ነበር።

ከዚህ አንድ ቁም ነገር ይገኛል። የጥንቱ ሰገነት ለጌጥ ብቻ የተሠራ አልነበረም፤ ሥራ ነበረው። ከዚያ ላይ ፍርድ ይሰጥ፣ ጭፍራ ይታይ፣ እንግዳ ይቀበሉበት ነበር። ሥራ ስለ ነበረውም በየቀኑ ይጠረጋል፣ በየክረምቱ ይጠገናል፣ ሣሩ ሲሳሳ ይከደናል። ሰው የሚውልበት ስፍራ አይዘነጋም።

ከባሕር ማዶ የመጣ ጌጥ

በ1833 ዓ.ም. መጨረሻ በህንድ ከነበረው የእንግሊዝ መንግሥት የተላከ አንድ መልእክተኛ ቡድን ከተጁራ ወደብ ተነሥቶ በአፋር በረሃ አድርጎ ሸዋ ገባ። የቡድኑ አለቃ ሻምበል ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ የቦምባይ ጦር የመሐንዲሶች ክፍል መኰንን ነበር። ስለዚህ በዚህ መጽሔት አንባቢዎች ዘንድ ሃሪስ እንደ ዲፕሎማት ብቻ ሳይሆን እንደ ሙያ ባልደረባም ሊታይ ይገባዋል። በኅዳር ወር 1834 ዓ.ም. ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረመ።

መልእክተኞቹ ለንጉሡ ካቀረቡት ገጸ በረከት መካከል ጠመንጃና መድፍ ዋነኞቹ ነበሩ፤ ነገር ግን የአዳራሽ ጌጥም አብሮ ነበረ። የአዳራሹን ወለል የሸፈነ የብራሰልስ ምንጣፍ፣ የካሽሚር ሻሽና የዴልሂ ጥልፍ ቀርበዋል። ከዚያም በኋላ የቡድኑ አባላት በአውሮፓ የጎቲክ ስልት የተሠራና በዕቃ ያጌጠ አዳራሽ ለንጉሡ አዘጋጁላቸው። ሃሪስ ይህን ሁሉ በ1836 ዓ.ም. ለንደን ላይ በታተመው ባለ ሦስት ቅጽ መጽሐፉ ተርኮታል፤ አብሮት የነበረው ሠዓሊ ዮሐን ማርቲን በርናትስም የሸዋን መልክ በሥዕል አስቀርቶልናል።

መሐንዲስ ሆኖ ይህን ታሪክ የሚያነብ ሰው አንድ ጥያቄ መጠየቁ አይቀርም፤ ያ አዳራሽ ምን ሆነ? መልሱ አስቸጋሪ አይደለም። ምንጣፉን የሚተካ ሸማኔ በአገሩ አልነበረም፤ መጋረጃው ሲያልቅ ሌላ ለማምጣት እስከ ባሕሩ የሳምንታት የበረሃ መንገድ ነበረ። ጌጡ ውብ ነበር፤ ግን በአካባቢው ሊታደስ የማይችል ጌጥ ነበር። የኖራው ግንብ ቁራጭ እስካሁን የቆመው ግን ድንጋዩ የአንኮበር ድንጋይ፣ ግንበኛውም የአገሩን ዝናብ የሚያውቅ ሰው ስለ ነበረ ነው።

ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በ1840 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ፣ የልጅ ልጃቸው ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው በ1857 ዓ.ም. የሸዋን ዙፋን ሲይዙ፣ አንኮበር እንደ ገና የእንግዶችና የሙያተኞች መናኸሪያ ሆነች። በ1869 ዓ.ም. ለጣሊያን የጂኦግራፊ ማኅበር መልእክተኞች በአንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያ የተባለው ስፍራ ተሰጣቸው፤ የቡድኑ መሪ ማርኬዝ ኦራሲዮ አንቲኖሪም በዚያው በ1874 ዓ.ም. አረፈ። በ1871 ዓ.ም. ደግሞ የስዊስ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ አንኮበር ገባ፤ በኋላም ከምድር ባቡሩ ሥራ ጋር ስሙ የተያያዘው እርሱ ነው። ነገር ግን በ1870ዎቹ መቀመጫው ወደ እንጦጦ፣ ከ1879 ዓ.ም. በኋላም ወደ አዲስ አበባ ሲዛወር፣ አንኮበር የሚውልባትን ጌታ አጣች። ሣሩን የሚከድን፣ ሳንቃውን የሚለውጥ፣ አጥሩን የሚያጠብቅ ሰው ቀስ በቀስ ከኮረብታው ወረደ። ቤተ መንግሥቱን ያፈረሰው ዝናቡና ጉሙ ነው ቢባል ግማሽ እውነት ነው፤ ዝናቡና ጉሙ ከዚያም በፊት ነበሩና። የጐደለው በየዓመቱ የሚጠግነው እጅ ነበር።

በረንዳ ወደ ሕዝቡ ቤት ሲገባ

በመንዝና በተጉለት ያለው የጥንት የገበሬ ቤት በድንጋይ የተካበ፣ ክብ፣ ጣሪያው በሣር የተከደነ ነው። በረንዳ የለውም። በምትኩ መደብ አለው፤ ይኸውም ከድንጋይና ከጭቃ ተሠርቶ፣ ተመርጎና ተለቅልቆ በቤቱ ውስጥ ወይም ከግድግዳው ውጭ የሚዘረጋ መቀመጫ ነው። በላዩ ደበሎ ወይም የመንዝ ሱፍ ባና ይነጠፍበታል። ይህ መደብ የደሃ ሰው ሰገነት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ከመሬት ከፍ ያደርጋል፣ ከእርጥበት ይጠብቃል፣ እንግዳን ያስከብራል፣ ሲሰነጠቅም በአንድ ቀን ጭቃ ይታደሳል።

«በረንዳ» የሚለው ቃል ግን ከነነገሩ ከውጭ የመጣ ነው። በአዲስ አበባ ቈርቆሮ ጣሪያ ሲስፋፋና የህንድ አናጢዎችና ግንበኞች በመኳንንቱ ቤት ሥራ ሲሠማሩ፣ በእንጨት ምሰሶና በተፈለፈለ ሳንቃ ያጌጠ በረንዳ የዘመናዊነት ምልክት ሆነ። እቴጌ ሆቴልን የመሰሉት ሕንፃዎች የዚያ ዘመን ምስክሮች ናቸው፤ ሆኖም ይኸው ሕንፃ በጥር ወር 2007 ዓ.ም. በእሳት መጐዳቱ የእንጨት ጌጥ ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚሻ አስታውሷል። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጣሊያን ወረራ ጊዜም ወራሪው ጦር ለራሱ ዓላማ ከአዲስ አበባ በደብረ ብርሃንና በጣርማ በር ወደ ደሴ የሚያልፈውን መንገድ ሲሠራ፣ የጣውላ፣ የስሚንቶና የቈርቆሮ ሥራ በመንገዱ ዳር ወደሚገኙት ከተሞች ገባ። «ጣውላ» የሚለው ቃል ራሱ ከጣሊያንኛ የቀረ ነው።

ሌላው ትልቅ ለውጥ ባሕር ዛፍ ነው። በ1880ዎቹ መጨረሻ ወደ አገራችን የገባው ይህ ዛፍ በጥቂት ዓመታት የሚደርስ፣ ቀጥ ብሎ የሚያድግ፣ ለምሰሶና ለማገር የሚሆን እንጨት ለደጋው ሕዝብ ሰጠ። ከዚያ በፊት ጥድና ወይራ የሚቈረጡት ከደን ነበር። በአንኮበርና በደብረ ሲና መካከል ያለው የወፍ ዋሻ ደን ዛሬም ጥድና ዝግባ ከቀረባቸው ጥቂት ስፍራዎች አንዱ ነው፤ የመናገሻ ሱባ ደን ችግኝም በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ትእዛዝ ከዚሁ ደን እንደ ሄደ ይነገራል። ስለዚህ የጓሮ በረንዳውን ለማደስ የሚነሣ ሰው ወደ ደኑ ሳይሆን ወደ ባሕር ዛፉ ቢሄድ የአገሩን ታሪክም ያከብራል።

ጓሮው ስለምን ተዘነጋ?

በሸዋ ቤት ደጅና ጓሮ እኩል ክብር የላቸውም። ደጁ የአባወራው ፊት ነው፤ እንግዳ የሚገባበት፣ በበዓል ቄጠማ የሚጎዘጎዝበት፣ ቀለም ቢገኝ ቀድሞ የሚቀባ እርሱ ነው። ጓሮው ግን የሴቶች የሥራ ቦታ ነው። ብቅል የሚሰጣው፣ ጠላ የሚጠመቀው፣ እህል የሚበጠረው፣ ሱፍ የሚፈተለው በዚያ ነው። በመንዝ ሱፉን ሴቶች ይፈትሉታል፣ ወንዶች ይሸምኑታል፤ ባናው በገበያ ሲመሰገን የሸማኔው ስም ይጠራል፣ ፈትሉ የተፈተለበት የጓሮ መደብ ግን አይታወስም። በ1957 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን የብርድ ልብስ ፋብሪካ ሲቋቋም የአካባቢው የሱፍ ሙያ በዘመናዊ መልክ ስሙ ተነሣ፤ የዚያ ሙያ መነሻ ግን ይኸው የተዘነጋው ጓሮ ነበር።

እንግዲህ የጓሮ በረንዳን ማሳመር የቅንጦት ጉዳይ ተደርጎ ሲታይ ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው። እናት ወይም እኅት ቀኑን ሙሉ የምትውልበት ወለል እርጥብና ሸካራ ከሆነ፣ ጣውላው በስብሶ እግር የሚሰብር ከሆነ፣ ጉዳዩ የጌጥ ሳይሆን የጤናና የደኅንነት ነው። በደብረ ብርሃን ደግሞ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ይጥላል፤ ፀሐይ የሚሞቁበት፣ ከነፋስ የተጠለለ ስፍራ ለአሮጊቱና ለሕፃኑ እንደ መድኃኒት ነው።

ታሪኩ የሚያስተምረው የአሠራር ሥርዓት

ከላይ የተነገረው ታሪክ ሦስት ትምህርቶችን ያስገኛል፤ ከጌጥ በፊት ጥገና ይቅደም፤ ጌጡ በአካባቢው ሊታደስ የሚችል ይሁን፤ ስፍራው ሥራ ይኑረው።

ለምሳሌ ርዝመቱ 4 ሜትር፣ ስፋቱ 3 ሜትር የሆነ የተዘነጋ የጓሮ በረንዳ ይወሰድ። ስፋቱ 12 ካሬ ሜትር ነው። በአንድ ካሬ ሜትር 300 ኪሎ ግራም ጭነት ይሸከም ቢባል፣ ጠቅላላ ጭነቱ 3,600 ኪሎ ግራም፣ ማለትም 36 ኩንታል እህል ያህል ይሆናል። ይህን በሚያስብ ሰው ዘንድ ከቀለሙና ከአበባው በፊት የሚመረመረው እግሩ መሆኑ ግልጽ ነው። ምርመራው መሣሪያ አያስፈልገውም፤ ምስማር ወይም ቢላዋ ይበቃል። ብረቱ ያለ ኃይል ከገባ እንጨቱ በስብሷል፤ ካልገባ ደኅና ነው። ብዙ ጊዜ የሚበሰብሰው አፈር የነካው የምሰሶ ጫፍና ከግድግዳው ጋር የተገናኘው ጣውላ ነው። እነዚያን ብቻ መለወጥ ሙሉውን አፍርሶ ከመሥራት እጅግ ይረክሳል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው ብሂል የተነገረው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

አግዳሚዎቹ በ50 ሳንቲ ሜትር ርቀት ቢደረደሩ ለ4 ሜትር ርዝመት 9 ይበቃሉ። 3 ሜትሩን በአንድ ትንፋሽ ከማሻገር ይልቅ በመካከል አንድ ረድፍ የድንጋይ እግር ቢጨመር የአግዳሚው ርዝመት ወደ 1 ሜትር ተኩል ይወርዳል፤ ከቀጭን ባሕር ዛፍም መሥራት ይቻላል። ባሕር ዛፉ ተልጦ በጥላ ሥር ለወራት መድረቅ አለበት፤ እርጥቡን የሠራ ሰው ከአንድ በጋ በኋላ የተጣመመና የተሰነጠቀ ወለል ያገኛል። ምሰሶው አፈር አይንካ፤ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ባለ የድንጋይ መቆሚያ ላይ ይቀመጥ። ብዙዎች ምሰሶውን የተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀቡታል፤ ምስጥን ቢያርቅም አፈሩንና የጓሮውን ጎመን ስለሚበክል ከድንጋይ መቆሚያ አይሻልም።

ቀጥሎ የውኃው ነገር ይመጣል። በደብረ ብርሃን በዓመት 900 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ይዘንባል። ይህ በ12 ካሬ ሜትር ላይ ሲሰላ 10,800 ሊትር፣ ማለትም 200 ሊትር በሚይዝ በርሜል 54 በርሜል ውኃ ነው። ይህ ሁሉ ውኃ የት ይሂድ የሚለው ጥያቄ ሳይመለስ የተገዛ ቀለም በመጀመሪያው ክረምት ይላጣል። ወለሉ ከግድግዳው ወደ ውጭ በአንድ ሜትር 2 ሳንቲ ሜትር ቢያዘቀዝቅ በ3 ሜትሩ 6 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ዓይን አያየውም፣ ውኃው ግን ያውቀዋል። በጣውላዎቹ መካከል የግማሽ ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይተው፤ ከበረንዳው ጫፍም ጠጠር የተሞላ ቦይ ይቈፈር።

ይህ ከተፈጸመ በኋላ ጌጡ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ግድግዳው በኖራ ውኃ ሦስት ጊዜ ስስ ተደርጎ ቢቀባ ጓሮውን ያበራል፤ ሲቈሽሽም ባለቤቱ ራሱ ያድሰዋል። በአንዱ ጐን ከድንጋይና ከጭቃ መደብ ይሠራ፤ በላዩ የመንዝ ባና ይነጠፍ፤ ግን ጤዛና ውርጭ እንዳይበላው ማታ ማታ ይግባ። ያለቀ የዘይት ቈርቆሮ ከሥሩ ተበስቶ ጤና አዳም፣ አሪቲ፣ ጦስኝ ወይም ጽጌረዳ ቢተከልበት ከገበያ ማሰሮ አያንስም፤ ዳሩ ግን ቈርቆሮው በቀጥታ በጣውላ ላይ ሳይሆን በድንጋይ ላይ ይቀመጥ፤ አለበለዚያ ከሥሩ የሚወርደው ውኃ እንጨቱን ያበሰብሰዋል።

መቀመጫውም አቅጣጫ አለው። ደብረ ብርሃን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ በታኅሣሥ የቀትር ፀሐይ በስተደቡብ፣ ከአድማስ 57 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ ትታያለች። ስለዚህ የብርዱን ወራት ፀሐይ የሚፈልግ መደቡን ወደ ደቡብ ፊት ያድርገው፤ ነፋስ ከሚመጣበት ወገን ደግሞ የሸምበቆ ወይም የጭራሮ አጥር ይጠረው።

የአንኮበር ምስክርነት

በአሁኑ ዘመን በአንኮበር የቤተ መንግሥት ኮረብታ ላይ የቀድሞውን አዳራሽ መልክ ለማስታወስ የታነጸ የእንግዳ ማረፊያ አለ። ስፍራው እንደ ገና የሚውልበት ሰው አገኘ ማለት ነው፤ የጥንቱ ሰገነት ያደርግ እንደ ነበረው፣ ዛሬም ሰው ወጥቶ ቈላውን ያያል፣ ብርዱን በእሳት ያርቃል፣ እንግዳ ይቀበላል። የቀረው የግንብ ቁራጭ ለዘለቄታው የሚጠበቀውም በዚሁ ዓይነት ነው፤ ሰው ሲመላለስበት፣ ጥገናውም የዕለት ልማድ ሲሆን።

የመሐንዲሱ ሙያ ብዙ ጊዜ ከድልድይና ከግድብ ጋር ይያያዛል። ነገር ግን ሻምበል ሃሪስ መሐንዲስ ሆኖ ሳለ ለንጉሡ ያቀረበው የተዋበ አዳራሽ ሲጠፋ ስሙ ያልታወቀው የአንኮበር ግንበኛ ሥራ ቀርቷል። ልዩነቱ በእውቀት ማነስና መብዛት አልነበረም፤ አንዱ ለአገሩ ዝናብ፣ ለአገሩ ድንጋይና ለአገሩ ጠጋኝ እጅ ስለ ሠራ ነው። አንድ መሐንዲስ ለጎረቤቱ የጓሮ በረንዳ የወለሉን ዝቅዝቃትና የምሰሶውን መቆሚያ ቢያሳይ፣ የሚፈጅበት የአንድ ከሰዓት በኋላ ጊዜ ነው፤ ትርፉ ግን ብዙ ክረምት ይሻገራል። ጓሮ የዋለች እናት በደረቅ ወለል ላይ፣ ፀሐይ ፊት ለፊቷ ሆና፣ ጤና አዳሙ እየሸተታት ሱፍዋን ስትፈትል፣ በሸዋ የሰገነት ታሪክ ከኮረብታው ጫፍ ወርዶ ወደሚገባው ቤት ደርሷል ማለት ነው።